ቦርሳው ለሚሄድ ሰው ነው፤ እኛ ግን የትም አንሄድም

ግልጽ ደብዳቤ

ለአደጋ ዝግጁነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የሰፈር ዝግጁነት ሥልጠና መዘጋቱንና አዲሱን መመሪያ ይመለከታል

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኛ የሰፈር ዝግጁነት በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኞች ነን። ላለፉት ሦስት ዓመታት ቅዳሜ ጠዋት እየተሰበሰብን ውሃ ማከም፣ ቁስል ማጠብ፣ ዘር ማቆየትና የእጅ ፓምፕ መጠገን ስናስተምር ቆይተናል። ደመወዝ ጠይቀን አናውቅም። የጠየቅነው አንድ አዳራሽ፣ ጠመኔና ጥቂት ጀሪካን ነበር። ከሁለት ወር በፊት ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰን። ሥልጠናው «በአዲስ አሠራር ተተክቷል» ይላል። አዳራሹንም በሳምንት ውስጥ ልቀቁ ይላል። አዲሱ አሠራር ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብንም። ለነዋሪው የሚታደል የአደጋ ጊዜ ቦርሳ ነው።

ቦርሳውን ከፍተን አየነው። ውሃ፣ የደረቀ ምግብ፣ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የሚያብረቀርቅ ስስ ብርድ ልብስ። ለ72 ሰዓት የሚሆን ነው። ለ72 ሰዓት ከሆነ ምንም እንከን አይወጣለትም። ግን አብሮት የመጣው መመሪያ ርዕሱ «ለረዥም ጊዜ የማኅበረሰብ መናጋት የሚደረግ ዝግጅት» ነው። ሦስት ቀን ከመቼ ወዲህ ነው ረዥም ጊዜ የሆነው?

ቅሬታችን የሚጀምረው ከሐሳቡ ነው። ቦርሳ የሚዘጋጀው ለሚሄድ ሰው ነው። ጎርፍ መጣ፣ እሳት ተነሣ፤ ቦርሳዎን አንጠልጥለው ደህና ወደሆነ ቦታ ይሄዳሉ። እዚያ መብራት አለ፣ ሐኪም አለ፣ ተቀብሎ የሚያስተናግድ ሰው አለ። መመሪያው የሚያወራው ግን ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ስለሚቆምበት ጊዜ ነው። ያኔ ወዴት ነው የሚኬደው?

የቦስኒያን ዋና ከተማ ሳራዬቮን እንውሰድ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1992 እስከ የካቲት 1996 ድረስ ተከባ ነበር። አራት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው እዚያው ቤቱ ውስጥ ነበር። ቧንቧው ደረቀ፤ ሕዝቡ የራሱ ምንጭ ወዳለው የቢራ ፋብሪካ ጀሪካን ይዞ መሰለፍ ጀመረ። ሰልፉ ላይ መድፍና ተኳሽ ነበረበት። ሰዉ የቤት ዕቃና መጽሐፍ አንድዶ ሞቀ፤ በረንዳ ላይ አትክልት ተከለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየቷ ሌኒንግራድም 872 ቀን ተከባለች። በእነዚያ ከተሞች ቦርሳ ይዞ መውጣት ለአብዛኛው ሰው ምርጫ አልነበረም። ምርጫው ባሉበት ሆኖ ነገን ማየት ነበር።

«እኛ ጋ ጦርነት የለም» ይሉን ይሆናል። ጦርነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1989 ከፀሐይ የተነሣ ማዕበል የካናዳን የኪውቤክ ግዛት የኤሌክትሪክ መረብ በደቂቃ ተኩል አካባቢ አወረደው። ስድስት ሚሊዮን ሰው ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ያለፈው ትልልቆቹ ትራንስፎርመሮች በብዛት ስለተረፉ ነው። ትልቅ ትራንስፎርመር ከመደርደሪያ አንሥተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። በትዕዛዝ ነው የሚሠራው፤ ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ብዙዎቹ ባንድ ጊዜ ቢቃጠሉ ባትሪና ፊሽካ የት ያደርሱናል?

ወደ ውሃ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ይቅርታ።

ባለፈው ዓመት የቡድናችን ሰባት ቤተሰቦች ልምምድ አደረግን። ለአሥር ቀን ዋናውን የውሃ ቫልቭ ዘጋን፣ ብሬከር አወረድን። እኔ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ ነበር፤ ልጆቹ በሻማ መብላቱን ወደዱት። በሁለተኛው ቀን ጨዋታው አለቀ። ሽንት ቤት ላይ አንዴ ውሃ ለመድፋት ስድስት ሊትር ያህል ይፈልጋል። ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዤ አራት ፎቅ ስወጣ የላስቲኩ እጀታ መዳፌን ይቆርጠኝ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ እጀታውን በጨርቅ ጠቀለልኩት። አምስተኛው ዙር ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ይህን እንዴት ነው የሚያደርጉት?

ውሃ ሲከብድ ሰው መጀመሪያ የሚተወው እጅ መታጠብ ነው። እኛም ተውነው። አሰልጣኞቹ! በስድስተኛው ቀን የአንዱ ቤት ልጅ ተቅማጥ ያዘው። ያን ቤት ከልምምዱ አስወጣነው፤ ቫልቩ ተከፈተ። በመሐል ግን ሥልጠናችንን የወሰደች ጎረቤት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣ ልጁን በትንሽ በትንሹ ታጠጣው ጀመር። ማንኪያውን በቢላ ጀርባ እያስተካከለች ነው የለካችው፤ ጨው ከበዛ እንደሚጎዳ ታውቃለች። ሰልጣኞቻችን ይህን የሚማሩት በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። በመመሪያዎ ውስጥ የለም።

በእርዳታ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት «ስፌር» የሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል፤ ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለንጽሕና። አምስት ሰው ላለበት ቤት 75 ሊትር ነው፤ በቀን አራት ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ቦርሳው ውስጥ ያለው ውሃ ለአንድ ሰው ለመጠጥ እንኳን ሦስት ቀን መድረሱን እንጃ። ውሃ ማከሚያን በተመለከተ መመሪያው «በረኪና ያስቀምጡ» ብሎ ያልፋል። ስንት ጠብታ? ለስንት ደቂቃ? ሽታ የሌለው 6 በመቶ በረኪና ከሆነ ጥርት ላለ አንድ ሊትር ውሃ ሁለት ጠብታ ነው፤ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ። በዚያ ላይ በረኪና ተቀምጦ ይደክማል፤ ዓመት ያለፈውን ማመን አይቻልም። ስለዚህ ለረዥም ጊዜ የሚሆነው ዕውቀት ሌላ ነው። ማፍላት፤ ማገዶ ከሌለም በጠራ የላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለስድስት ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ላይ ማስተኛት፣ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን። ውሃው ከደፈረሰ አስቀድሞ ማጥለል። ጠርሙስ ባገኘ ሰው ሁሉ እጅ ያለ ዘዴ ነው፤ የሚያስተምር ሰው ካለ።

አሁን ወደሚያንገበግበን ነገር። ሰፈራችን ውስጥ አንድ አሮጌ የእጅ ፓምፕ አለ። ለዓመታት ደርቆ ቆሞ ነበር፤ ሕፃናት ይንጠለጠሉበት ነበር። ከመካከላችን ጡረታ የወጣ የፓምፕ መካኒክ አለ። አንድ ቅዳሜ ፈታው። ጉድጓዱ አልደረቀም፤ ያለቀው ፓምፑ ውስጥ ውሃ እንዳያመልጥ የሚያሽገው ቆዳ ነው። ከአሮጌ ቦት ጫማ ላይ ቆዳ ቆረጠ፣ ዘይት አጠጥቶ አሳደረው፣ ገጠመው። ሃያ ጊዜ ያህል ከነቀነቀው በኋላ መጀመሪያ ዝገት፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ፣ ቀጥሎ የጠራ ውሃ መጣ። አሥራ አንድ ሰው ቆዳ አቆራረጡን ተማረ። እንግዲህ የረዥም ጊዜ ዝግጅት ማለት ለእኛ ይህ ነው።

ዛሬ ፓምፑ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ሠራተኞችዎ ናቸው የቆለፉት። ምክንያቱ «ውሃው አልተመረመረም» ነው። ምክንያቱ ልክ ነው፤ በዚህ አንጣላም። ግን መርምሩት እንጂ! መቆለፍ ምርመራ አይደለም። ከተቆለፈ ሁለት ወሩ ነው፤ ናሙና የወሰደ ሰው አላየንም። ቆዳ እኮ ሳይረጥብ ሲከርም ይሰነጠቃል።

ምግብ ላይ አጠር አደርጋለሁ። መመሪያው እህል፣ ስኳርና ዘይት ለስድስት ወር ማከማቸት ይመክራል። ማከማቸት የሚችል ያከማች፤ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሆድ መሙላትና መመገብ ይለያያሉ። ኩባ እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ነዳጁም የውጭ ምግቡም ባንዴ ራቃት። ሰዉ በብስክሌት መሄድ ጀመረ፤ ባዶ ቦታው ሁሉ የአትክልት መደብ ሆነ። ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የሚያነሡት ይህንን ደስ የሚለውን ክፍል ነው። የሚረሳው ግን በ1992 እና በ1993 ከ50,000 በላይ ሰው ዓይኑ መደብዘዝ፣ እግሩ መደንዘዝ መጀመሩ ነው። ሐኪሞቹ ከምግብ እጥረት ጋር አያያዙት፤ በተለይ ከቢ ቫይታሚኖች። ቫይታሚን ለሕዝቡ ሲታደል ወረርሽኙ ረገበ። ስድስት ወር ስኳርና ዘይት የሚመክር ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት።

ዘርን በተመለከተም መመሪያው «አንድ እሽግ ዘር ገዝተው በቆርቆሮ ያሽጉ» ይላል፤ ልክ እንደ ምስማር። ዘር ነፍስ አለው። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ አብዛኛው አይበቅልም። ቲማቲምና ባቄላ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አራት አምስት ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። እሽጉ ደግሞ የተዳቀለ ዘር (ሃይብሪድ) ከሆነ ከምርቱ የሚለቀመው ዘር በሚቀጥለው ዓመት እናቱን አይመስልም። ስለዚህ ዘር የሚቀመጠው በመዝራት ነው። ዓለም የሚያውቀው ምሳሌ አለ። ኢካርዳ የሚባለው ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማዕከል ሶሪያ ውስጥ አሌፖ አጠገብ የዘር ባንክ ነበረው። ጦርነቱ ሲመጣ ሥራው እዚያ መቀጠል አልቻለም። ደግነቱ ቅጂውን ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 በተከፈተው የስቫልባርድ የዘር ማከማቻ አስቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 አወጣው። ካወጣው በኋላ ግን ዝም ብሎ በሌላ ማቀዝቀዣ አላስቀመጠውም፤ ሊባኖስና ሞሮኮ ላይ ዘራው፣ አበዛው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ወደ ስቫልባርድ መለሰ። ያ በበረዶ ተራራ ውስጥ የተቀመጠ ዘር እንኳን የሚዘራው ሰው ባይኖር ዋጋ አልነበረውም። እኛ በሦስት ዓመት የሰበሰብናቸው የአሥራ አራት ዓይነት አትክልት ዘሮች አሁን አዳራሹን ስንለቅ በካርቶን ተጭነው አልጋዬ ሥር ናቸው። የመዝሪያ ወቅት እያለፈ ነው።

መድኃኒት። ከአሰልጣኞቻችን አንዷ ከልጅነቷ ጀምሮ ኢንሱሊን የምትወጋ ናት። መመሪያውን አንብባ ስትጨርስ «የአንድ ሳምንት መድኃኒት ይያዙ» የሚለውን መስመር በጣቷ ነክታ «ስምንተኛው ቀን ላይስ ምን ልሁን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለእርሷ የመናጋቱ ርዝመት የሚለካው በጠርሙስ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። የተከፈተው በክፍል ሙቀት አራት ሳምንት አካባቢ ነው የሚያገለግለው። መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ከሙቀት የሚከልለውን እርጥብ የሸክላ ማሰሮ እንዴት እንደሚያዘጋጁት እናስተምር ነበር። የማሰሮውን ትምህርት የምትሰጠው እርሷው ነበረች።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኤቫ ሳክስል የተባለች ስደተኛ ሻንጋይ ውስጥ ኢንሱሊን አለቀባት። ከባሏ ጋር ሆና፣ አንድ ቻይናዊ ኬሚስት ላቦራቶሪ ፈቅዶላቸው፣ ከመጽሐፍ እያነበቡ ከጎሽ ቆሽት ኢንሱሊን አወጡ። ጥንቸል ላይ ሞከሩት፤ ከዚያ እርሷ ተወጋችው፤ ለሌሎች ሕሙማንም ተረፈ። ይህን ማንም ቤቱ ውስጥ ይሞክር እያልኩ አይደለም፤ ይገድላል። የምለው መጽሐፉ፣ ላቦራቶሪውና ኬሚስቱ ባይገናኙ ኖሮ ሴትዮዋ አትተርፍም ነበር ነው። የትኛው ሰፈር ውስጥ ስንት የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የኩላሊት ሕመምተኛ እንዳለ፣ ፋርማሲስቱ የት እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ አለ? እኛ በፈቃዳቸው የመዘገብናቸው ነበሩ። መዝገቡን ለማን እናስረክብ ብለን ጠየቅን። እስካሁን የመለሰልን የለም።

መመሪያው ስለ ጄኔሬተር ስለሚሰጠው ምክር ብዙ አልልም። ቤንዚን ተቀምጦ በወራት ውስጥ ይበላሻል። ቤት ውስጥ የተነሣ ጄኔሬተር ደግሞ በጭሱ ቤተሰብ ይጨርሳል፤ ይህ ማስጠንቀቂያ መመሪያው ላይ አለመኖሩ ያሳፍራል። ሌላም አለ። መመሪያው በወረቀት አልታተመም። ቦርሳው ላይ ያለችውን አራት ማዕዘን ኮድ በስልክ ስካን አድርገው ከኢንተርኔት ነው የሚያነቡት። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ማድረግ እንዳለብዎ የሚያስረዳው ምዕራፍም እዚያው ኢንተርኔት ላይ ነው። ሰው ሲሰማ ቀልድ ይመስለዋል።

የመጨረሻውና ዋናው። መመሪያው ውስጥ በቀይ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ያከማቹትን ነገር ለጎረቤትዎ አይንገሩ።» የተከበሩ ኃላፊ፣ ይህን ማን ጻፈው? የሌባ ፍርሃት ይገባናል። ግን ተደብቆ የሚበላ ሰው ስንት ወር ይደበቃል? ጭሱ ይታያል፣ ልጁ አይከሳም፣ ቆሻሻው ይወጣል። ደግሞስ ጥርሱን ሲያመው፣ ሚስቱ ስታምጥ፣ እግሩ ሲሰበር ማንን ይጠራል? በልምምዳችን ጊዜ አራተኛ ፎቅ ድረስ ውሃ ማመላለስ የቻልነው ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ደረጃው ላይ ተደርድረን ጀሪካኑን እየተቀባበልን ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የራሱን ሲሸከም ወገባችን ሊቆረጥ ነበር። ያን መስመር ለመሥራት ቢያንስ ጎረቤት የጎረቤቱን ስም ማወቅ አለበት። ሥልጠናው ከምንም በላይ ያስገኘው ይህንን ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገናኝ ሰው። እናንተ የዘጋችሁትም እሱን ነው።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አዳራሹ ለቅዳሜ ጠዋት ብቻ ይመለስልን። ቦርሳው ይቀጥል፤ ለጎርፍና ለእሳት ይጠቅማል፤ ግን ስሙ ይስተካከል፣ «ለሦስት ቀን» ይባል።

የፓምፑ ውሃ በዚህ ወር ውስጥ ይመርመር። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ጓጉንቸሩ ይፈታ፤ መጥፎ ከሆነም በጽሑፍ ይነገረንና ማከሚያውን አብረን እንፈልግ። እስከዚያው ቁልፉ የት እንዳለ፣ በማን እጅ እንዳለ ይገለጽልን። በድንገት ካስፈለገ ሌሊት የማንን በር እናንኳኳ?

ሌሎች ሰፈሮች ውስጥ ያሉ የእጅ ፓምፖች፣ ምንጮችና ጉድጓዶች ዝርዝር ይዘጋጅ። መካኒካችን ዞሮ ለማየት ፈቃደኛ ነው፤ የሚያስፈልገው የትራንስፖርት ወጪ ብቻ ነው።

መመሪያው በወረቀት ይታተም። የበረኪናው መጠን፣ የስኳርና የጨው ልኩ፣ የጄኔሬተሩ ማስጠንቀቂያ፣ መፀዳጃ ጉድጓድ ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ እንዳለበት ይጻፍበት። በቀይ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ይውጣ። ረቂቁን ለማረም ገንዘብ አንጠይቅም።

በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ ነዋሪዎች መዝገብ ኃላፊነት የሚወስድ፣ ምስጢር የሚጠብቅ ባለሙያ ይረከበው። ከሐኪሞችና ከፋርማሲስቶች ጋር ተነጋግሮ ከአንድ ሳምንት በላይ የሚሆን መጠባበቂያ እንዴት እንደሚያዝ ዕቅድ ይውጣለት። ስምንተኛውን ቀን ለጠየቀችን ባልደረባችን መልሱ በጽሑፍ ይድረሳት።

ለዘሮቹ ደግሞ ትንሽ መሬት እንፈልጋለን። ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው፣ አሁን የተሰበረ ወንበር የተከመረባት ቦታ ትበቃናለች። ወንበሮቹን ራሳችን እናነሣለን። ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት መልስ ብናገኝ ሽንኩርቱን ዘንድሮ እናደርሰዋለን፤ ለከርሞ ግን አይቆይም።

ከአክብሮት ጋር፣

የሰፈር ዝግጁነት በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኞች ቡድን አስተባባሪ

ግልባጭ፦
ለሰፈሩ ነዋሪዎች፣ ቦርሳው ለደረሳቸውም ላልደረሳቸውም